ዳኛው ቀራቁሽ እና አሚሩ ቀራቁሽ

አንድ ሌባ በሌሊት በመስኮት ወደ ሰው ቤት ሊገባ ሲንጠላጠል መስኮቱ ተገንጥሎ ይወድቅና እግሩ ይሰበራል። ሲነጋ እያነከሰ ሄዶ የቤቱን ባለቤት ከዳኛው ከቀራቁሽ ፊት ይከሰዋል። ባለቤቱ በአናጢው ያሳብባል። አናጢው ደግሞ «ምስማሩን ስመታ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት በመንገድ ስታልፍ ዓይኔን ወሰደችው» ይላል። ሴቲቱ ተጠርታ ጥፋቱ ቀሚሱን እንዲህ ያደመቀው የቀለም ነካሪው ነው ትላለች። ቀለም ነካሪው የሚያሳብብበት ሰው ያጣና በገዛ ቤቱ በር ላይ እንዲሰቀል ይፈረድበታል። ወታደሮቹ ግን ተመልሰው መጡ፤ ሰውየው ረጅም ስለሆነ ከጉበኑ ላይ ሲያንጠለጥሉት እግሩ መሬት ይነካል። «እንግዲያው አጭር ቀለም ነካሪ ፈልጋችሁ ስቀሉ!» አለ ዳኛው።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ጨዋታ በግብፅና በሻም ምድር ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ዐረቦች ፍርዱ የተገላቢጦሽ፣ ሹሙም ግፈኛ ሲሆንባቸው «ሑክሙ ቀራቁሽ» ይላሉ፤ የቀራቁሽ ፍርድ ማለታቸው ነው። ዐረብ አገር ሠርቶ የተመለሰ ዘመድ ካላችሁ ጠይቁት፤ ይህችን አባባል ሳይሰማ አልቀረም። ብዙ ሰው ታዲያ ቀራቁሽን ለልጆች መሳቂያ የተፈጠረ የተረት ሰው አድርጎ ነው የሚያስበው። ቀራቁሽ ግን በእርግጥ የኖረ፣ በዘመኑም በካይሮ ከተማ ስሙ የገነነ አሚር ነበር።

ሙሉ ስሙ በሃኡዲን ቀራቁሽ አል-አሰዲ ይባላል። ቀራቁሽ በቱርክኛ «ጥቁር ወፍ» ማለት ነው። አል-አሰዲ የተባለው የሰላሑዲን አል-አዩቢ አጎት የሆነው የአሰዱዲን ሺርኩህ ባሪያ ስለነበረ ነው፤ ጃንደረባም ነበር። ሺርኩህ በ564 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1169) ሲሞት ሰላሑዲን ቦታውን እንዲይዝ ከደከሙት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ሰላሑዲንም የፋጢሚዮችን ቤተ መንግሥት እንዲጠብቅ ሾመው። የመጨረሻው የፋጢሚ ኸሊፋ አል-ዓዲድ በ567 (1171) ከሞተ በኋላ ቤተሰቡን፣ ዘር እንዳይተካ ወንዱን ከሴቱ ለይቶ፣ በዘብ ያስጠበቀው ይኸው ቀራቁሽ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የያዘ ሰው በከተማው ውስጥ ምን ያህል ወዳጅ ሊኖረው እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ቀጥሎ የተሰጠው ሥራ ግንባታ ነበር። ዛሬም ከካይሮ በላይ የሚታየው የሰላሑዲን አምባ በ572 (1176) ሲጀመር የሥራው ኃላፊ ቀራቁሽ ነበር። ካይሮንና ፉስጣጥን በአንድነት የሚከብበውን ግንብም፣ በጊዛ በኩል ያሉትን ቅስት ድልድዮችም ያሠራው እሱ ነው። ድንጋዩን ለማግኘት በጊዛ የነበሩትን ትናንሽ ፒራሚዶች አስፈርሷል። ከአንዳሉስ የመጡት መንገደኛ ኢብኑ ጁበይር በ1183 ካይሮ ሲደርሱ የፈረንጅ ምርኮኞች በአምባው ላይ እብነ በረድ ሲሰነጥቁና ትላልቅ ድንጋይ ሲፈልጡ አይተው ጽፈዋል። ቀራቁሽ ለስላሳ ሰው ነበር ብዬ ልከራከርለት አልፈልግም። አምባ በለስላሳ ቃል አይሠራም።

ትልቁ ፈተናው ግን ዓካ ላይ መጣ። ሰላሑዲን ከተማይቱን በ1187 ከመስቀል ጦረኞች ካስለቀቀ በኋላ ምሽጓን እንዲያጠነክር ቀራቁሽን ላከው። በ1189 ፈረንጆቹ ተመልሰው ከበቧት፤ ከበባው ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው ያበቃው። በሰላሑዲን ጦር ውስጥ የነበሩት ቃዲ ኢብኑ ሸዳድ እንደጻፉት፣ በ586 ዓመተ ሂጅራ የሻዕባን ወር ቀራቁሽና የመርከቦቹ አዛዥ ሉእሉእ ለሱልጣኑ ደብዳቤ ላኩ። ስንቁ ከወሩ አጋማሽ እንደማያልፍ የሚገልጽ ነበር። ሱልጣኑ ወሬው ሠራዊቱን እንዳያስደነግጥ ብሎ በልቡ ያዘው። ደብዳቤና ገንዘብ ወደ ከተማዋ የሚገባው በርግብና በዋናተኛ ነበር። ዒሳ የሚባል አንድ ዋናተኛ ወርቁንና ደብዳቤውን በወገቡ ታጥቆ በሌሊት በጠላት መርከቦች ሥር እየጠለቀ ይገባ ነበር። አንድ ሌሊት ሄዶ ወሬው ጠፋ። ከቀናት በኋላ ባሕሩ ሬሳውን ወደ ዳር ሲያወጣው አንድ ሺሁ ዲናርና ደብዳቤዎቹ ከወገቡ አልተፈቱም ነበር። ቀራቁሽ የመራት ዓካ እንዲህ ያሉ ሰዎች የነበሩባት ናት። በሐምሌ 1191 ከተማዋ እጇን ስትሰጥ እሱም ተማረከ፤ በቀጣዩ ዓመት ቤዛ ተከፍሎለት ተለቀቀ። ሰላሑዲን በ1193 ሲሞት ልጁን አል-ዐዚዝን አገለገለ፤ አል-ዐዚዝም ሲሞት ለልጁ ለትንሹ አል-መንሱር ሞግዚት ሆነ።

ለመሆኑ ይህ ሰው እንዴት የቂል ግፈኛ ዳኛ ሆነ? ነገሩ ወደ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ይመራናል። በዚያው መንግሥት የመዝገብ ቤቶች ሹም የነበረ አል-አስዐድ ኢብኑ መማቲ የሚባል ብዕረ ስል ሰው «አል-ፋሹሽ ፊ አሕካሚ ቀራቁሽ» በሚል ርዕስ ስለ ቀራቁሽ ፍርዶች የቧልት መጽሐፍ ጻፈ። ሰውየው ተራ አልነበረም፤ ስለ ግብፅ መሬትና ግብር የጻፈው ሌላ መጽሐፉ እስከ ዛሬ በታሪክ አጥኚዎች የሚመረመር ነው። የቧልቱ መጽሐፍ ግን ከዚያ ይልቅ በሕዝብ ዘንድ ሮጠ። የቀራቁሽ ጭልፊት ቢያመልጥ ወፏ እንዳትወጣ የከተማው በሮች ይዘጉ አለ ተባለ። ሞተ ተብሎ በቃሬዛ የተያዘ ሰው ብድግ ብሎ «አልሞትኩም!» ብሎ ቢጮህ፣ ቀራቁሽ ቀባሪዎቹን አምኖ ቅበሩት አለ ተባለ። ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላም በኢማም ሱዩጢ ስም የሚታወቅ የዚሁ ወግ ስብስብ ወጣ። ወጉ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ እያንዳንዱ ተራኪ የራሱን ዘመን ግፈኛ ሹም በቀራቁሽ ስም እየጠራ ሳይተርክ አልቀረም፤ የሞተ ሹም አያስርምና። በአገራችንም አለቃ ገብረ ሃና ያላሉት ስንት ነገር በስማቸው ይነገራል። ልዩነቱ የእሳቸው ስም በጨዋታው መወደዱ ነው፤ የቀራቁሽ ግን መሰደቢያ ሆነ።

ይህን ወሬ አስቀድመው ከተጠራጠሩት አንዱ ታላቁ የታሪክ ሰው ኢብኑ ኸሊካን ናቸው። እሳቸው በ1282 የሞቱ፣ ለጊዜው ቅርብ የነበሩ ዓሊም ናቸው። የኢብኑ መማቲን መጽሐፍ በስሙ ጠቅሰው፣ በውስጡ ያለው ከእንዲህ ያለ ሰው የሚጠበቅ አይደለም፣ የተፈጠረ ይመስላል ይላሉ። ማስረጃቸውም ቀላል ነው፤ ሰላሑዲን የመንግሥቱን ጉዳይ የጣለው በእሱ ላይ ነበር፣ በዕውቀቱና በችሎታው ባይተማመን ኖሮ ይህን ሁሉ አይሰጠውም ነበር። በእርግጥ ሰላሑዲንም ሊሳሳት ይችላል። ነገር ግን ቤተ መንግሥቱን፣ አምባውን፣ ከዚያም ዓካን በተከታታይ ለአንድ ቂል ሰጠ ማለት ሰላሑዲንንም ቂል ማለት ነው። ይህንን ደግሞ ከሳቂዎቹ መካከል የሚደፍር አልነበረም።

እንዲህ ያለው ዕጣ የደረሰው ለቀራቁሽ ብቻ አይደለም። በቪየና የነበረው የሙዚቃ ሊቅ ሳሊየሪ ሞዛርትን በመርዝ ገደለ የሚል ሐሜት ተወራበት፤ ራሱም በእርጅናው ዘመን ክዷል። የሩሲያው ፑሽኪን በ1830 ሐሜቱን ተውኔት አደረገው፤ በ1984 የወጣው «አማዴዎስ» የተሰኘው ፊልም ደግሞ ቅናተኛውን ሳሊየሪ በዓለም ዙሪያ አስተዋወቀው። የሞዛርት መበለት ግን ልጇን ለትምህርት የላከችው ወደዚሁ ሳሊየሪ ነበር። መቼም እናት ባሏን ገደለ ብላ ለምታምነው ሰው ልጇን አትሰጥም።

ሳሊየሪ ሥራዎቹ ስሙን ይዘውለታል። የቀራቁሽ ግን ድንጋይ ነውና ስም አይናገርም፤ ከአንድ በስተቀር። በአምባው ባብ አል-ሙደረጅ በተባለው በር ላይ 579 ዓመተ ሂጅራ ተብሎ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ፤ ሥራው በቀራቁሽ እጅ መከናወኑን ይናገራል። ከበሩ ወደ ውስጥ፣ በእሱ ኃላፊነት ዘመን ከዓለት የተፈለፈለ 90 ሜትር ገደማ የሚጠልቅ የውኃ ጉድጓድ ይገኛል። በሬዎች በሁለት ደረጃ መዘውር እያዞሩ ውኃውን ያወጡ ነበር። ቀራቁሽ በ597 ረጀብ ወር መባቻ (1201) ካይሮ ውስጥ ሞቶ በሙቀጠም ተራራ ግርጌ ተቀበረ። ጉድጓዱን ሰዉ «የዩሱፍ ጉድጓድ» ይለዋል። ዩሱፍ የሰላሑዲን የራሱ ስም ነው፤ ነቢዩ ዩሱፍ የታሰሩበት ነው የሚሉም አሉ።