ዝሆኔ፦ ከእርግማን እስከ ቀይ አፈር

ወዳጆቼ፣ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ስለ ዝሆኔ በሽታ ታሪክ ጥቂት ልበላችሁ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

በደምበጫ የገበያ ቀን እግሩ ያበጠ ሰው ያላየ ማን አለ? በ2012 የታተመ ጥናት በደምበጫና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ 51 ሺህ ገደማ ሰዎች 1,704 ታማሚ አግኝቷል። ከ100 ሰው 3 በላይ ማለት ነው።

ድሮ ሰው እርግማን ነው ይል ነበር። ሐኪሞች ደግሞ እንደ ቆላው ዝሆኔ ትንኝ የሚያስተላልፈው ትል ያመጣው ይመስላቸው ነበር። እንደኛ ባለ ደጋ ግን ታማሚዎቹ ላይ ትሉ አይገኝም። በ1970ዎቹ እዚህ አገር የሠራው ብሪታንያዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በባዶ እግራቸው የሚሄዱ ሰዎችን ዕጢ ሲመረምር የአፈር ቅንጣት አገኘ። አፈሩም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣው ቀይ አፈራችን ነው። በሽታውን ፖዶኮኒዮሲስ አለው፤ እግርና አቧራ ከሚሉ የግሪክ ቃላት።

ግን አፈሩ ብቻውን እግር አያሳብጥም። ቅንጣቱ በቆዳ ሲገባ ነጭ የደም ሴሎች ይውጡታል። ባክቴሪያ ቢሆን ፈጭተው ይጨርሱት ነበር፤ ማዕድን ግን አይፈጭም። ስለዚህ ሌሎች ሴሎችን ይጠራሉ፣ ቦታው ይቆጣል፣ ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ጠባሳ ሠርቶ የሊምፍ ቱቦውን ይደፍነዋል። ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ እግር ያብጣል። በየቀኑ ከጀርም የሚያድነን ያው ሠራዊት እኮ ነው ቱቦውን የሚዘጋው!

«በዘር ነው» የሚባለውስ? ግማሽ እውነት ነው። በ2012 ኢትዮጵያዊው ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ለበሽታው የሚያጋልጡ ዘረመሎችን አገኙ፤ ሰውነት የራሱን ከባዕድ እንዲለይ የሚረዱ ዘረመሎች ናቸው። እንግዲህ የሚወረሰው በሽታው ሳይሆን ሰውነት ለአፈሩ የሚሰጠው ምላሽ ነው። እግሩ አፈር ካልነካ ሰው ዘሩ ምንም ቢሆን አይታመምም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

ይህን እያወቅን ግን ዛሬም «ከዚያ ቤት አታግቡ» እንላለን። በዚህ ምክንያት ትምህርት ያቋረጡ፣ ትዳር የፈረሰባቸው፣ ከማኅበር የቀሩ አሉ።

በ2018 የታተመ የምሥራቅ ጎጃም ጥናት ደግሞ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ትኩሳትና ሕመም ያለበትን ግርሻ እንደሚቀንሱ አሳይቷል። ውድ ነገር አይደለም።

ልጆቻችሁ ጫማ ሳያደርጉ እርሻ አይውረዱ። እግሩ ያበጠ ዘመድ ካላችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ሠርጋችሁም ላይ ጥሩት።