ያረጀ ኮምፒዩተርን ለመቅረጫ መኪና ማሰናዳት

መቅረጫ መኪና ማለት በእንጨት፣ በናስ ወይም በፕላስቲክ ላይ ፊደልንና ሥዕልን የሚቈፍር፣ ወደ ጐን፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ የተግባረ እድ መሣሪያ ሲሆን፣ በፋብሪካ የተሠራው ዋጋው ስለሚከብድ፣ ብዙ ባለሙያዎች ከጣውላና ከአሉሚኒየም፣ ከባለ ፊለቶ ዘንግና ከትንንሽ ሞተሮች እያገጣጠሙ በገዛ እጃቸው ያበጁታል። እንዲህ ያለውን መኪና ለመንዳት ዘወትር የሚታጨው ከቢሮ አገልግሎት የተሰናበተ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ እስከ 2000ዎቹ መጨረሻ ድረስ የተሠራ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ነው (በዚህ መጣጥፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)። ይህም ምርጫ ከገንዘብ እጥረት ብቻ የመነጨ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ ለሥራው ከኮምፒዩተሩ የሚፈለገው ፍጥነት ሳይሆን ሰዓት አክባሪነት መሆኑን ባየ ጊዜ ሐሳቡን ይለውጣል።

የመኪናው እግር ስቴፐር የሚባለው ሞተር ነው። ይህ ሞተር እንደ ሌላው ኤሌክትሪክ ባገኘ ቍጥር ዝም ብሎ የሚሽከረከር ሳይሆን፣ አንድ ምት በተቀበለ ጊዜ አንዲት እርምጃ ብቻ ተራምዶ የሚቆም፣ አብዛኛውን ጊዜም እርምጃው 1.8 ዲግሪ የሆነ፣ ስለዚህም አንድ ዙር ለመፈጸም 200 ምት የሚያስፈልገው ነው። ኮምፒዩተሩ ለእያንዳንዱ ሞተር በሁለት ሽቦ ሁለት መልእክት ይልካል፤ አንደኛው «ተራመድ» የሚል፣ ሁለተኛው ወዴት እንደሚራመድ የሚነግር። ሞተሩ ግን መልስ አይሰጥም። ታዝዞ ሳይራመድ ቢቀር ኮምፒዩተሩ የተራመደ ይመስለዋል፤ ከዚያችም ቅጽበት ጀምሮ የሚቀረጸው ሁሉ በዚያው ልክ ተንሸራቶ ይቀረጻል። በማኅሌት ላይ ከበሮ የሚመታው ሰው ምንም እጁ ብርቱ ቢሆን አንዲት ምት ያዘገየ እንደ ሆነ ሽብሸባው ሁሉ እንደሚታወክ፣ እዚህም በሩጫ ላይ ያለ ሞተር ምቱ ከልኩ ዘግይቶ ሲደርስበት ይንገጫገጭና እርምጃውን ይስታል።

በቍጥር የሚታዘዝ መኪና ሐሳብ ከአሜሪካዊው ከጆን ፓርሰንስ የሄሊኮፕተር ክንፍ ሥራ ይነሣል። እርሱ ያቀረበው ሐሳብ በአሜሪካ አየር ኃይል ገንዘብ ተደግፎ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ላቦራቶሪ ውስጥ ተሠራበትና፣ በ1952 በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ የሚታዘዝ ፍሬዛ ለተመልካች ቀረበ። ዛሬ ጂ ኮድ የሚባለው የትእዛዝ ቋንቋ የዚያ ዘመን ልጅ ነው፤ «ጂ 1 ኤክስ 40 ኤፍ 300» የሚለው አንድ መሥመር፣ መቁረጫው በደቂቃ 300 ሚሊሜትር እየተጓዘ በጐን ልኬት 40 ላይ እንዲደርስ ያዝዛል፤ «ኤም 3» መቁረጫውን ያሽከረክራል፣ «ኤም 5» ያቆመዋል። አጻጻፉ ለዐይን ደረቅ ቢሆንም፣ ማናቸውም ጽሑፍ ማዘጋጃ ይከፍተዋልና አንድ ጊዜ የለመደው ሰው እንደ ዳዊት ይደግመዋል።

አሮጌውን ኮምፒዩተር ተፈላጊ ያደረገው በጀርባው ያለው ፓራለል ፖርት፣ በተራው ሰው አነጋገር የፕሪንተር መሰኪያው ነው። መሰኪያው ሴንትሮኒክስ የተባለው ኩባንያ በ1970 ካወጣው ፕሪንተር ሥርዓት ተወርሶ፣ በ1981 በአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተር ላይ ገብቶ፣ በ1994 አይ.ትሪፕል ኢ 1284 በተባለው ደንብ ጸንቷል። ከ25ቱ እግሮች 12ቱ መልእክት ያወጣሉ፣ 5ቱ ያስገባሉ፣ የቀሩት 8ቱ ማሳ ናቸው። ሦስት ሞተሮች 6 እግር ይወስዳሉ፤ ከሚተርፉት በአንዱ መቁረጫው ይበራል፤ በሚያስገቡት ደግሞ የድንበር ማብሪያዎችና የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ይገናኛሉ። የዚህ መሰኪያ ትልቁ ጸጋ አማላጅ የሌለው መሆኑ ነው፤ ፕሮግራሙ በመሰኪያው አድራሻ (ብዙ ጊዜ በአሥራ ስድስት መሠረት ሲቈጠር 378 ነው) አንዲት ባይት በጻፈ ጊዜ፣ በሽቦው ላይ ያለው ቮልቴጅ በአንድ ማይክሮሴኮንድ ገደማ ይለወጣል። ዩኤስቢ ግን መልእክቱን በቋጠሮ እየጠቀለለ፣ በቀድሞው ሥርዓቱ በየአንድ ሚሊሴኮንዱ ተራ እየጠበቀ ይልካልና፣ በገበያ ከዩኤስቢ ወደ ፕሪንተር ያሻግራል እየተባለ የሚሸጠው ገመድ ወረቀት ለማተም እንጂ ሞተር ለማራመድ አይበጅም። ፓራለል ፖርት የሌለው ኮምፒዩተር በፒ.ሲ.አይ. ሰሌዳ ላይ የሚሰካ ካርድ ቢገባለት ይሠራል፤ ነገር ግን አድራሻው 378 አይሆንም፤ ፈልጎ ማግኘትና ለፕሮግራሙ መንገር ያስፈልጋል። ላፕቶፕ መሰኪያው ቢኖረውም እንኳ አይመረጥም፤ ባትሪውን ለመቈጠብ ሲል ሥራውን በየጊዜው ያቋርጣል፣ አንዳንዱም በ5 ቮልት ፈንታ 3.3 ቮልት ብቻ ያወጣል።

ዕቃውን ማጽዳት ረጅም ትምህርት የሚፈልግ አይደለም። አቧራው ይነፋል፤ በማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች ራሳቸው አብጦ ወይም ፈሳሽ አንጠባጥበው እንደ ሆነ ይታያል፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ ሰሌዳዎች በዚህ ሕመም የሞቱ ናቸውና። ሲ.አር. 2032 የተባለችው የሰዓቱ ባትሪ ትለወጣለች፤ እርስዋ ከደከመች በባዮስ ውስጥ የተስተካከለው ሁሉ ኤሌክትሪክ በጠፋ ቍጥር ይረሳል። የእንጨት ብናኝ ማራገቢያውን ስለሚያንቅ፣ የናስ ብናኝም ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስለ ሆነ፣ ኮምፒዩተሩ ከመኪናው ጐን መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ብሎ፣ ቢቻል በሣጥን ተከልሎ ይቀመጣል።

ዋናው ድካም የሚጀምረው ባዮስ ውስጥ ነው። የኮምፒዩተር ሠሪዎች ለቢሮ ሰው ምቾት ብለው ያስገቧቸው ልዩ ልዩ ብልኀቶች ለቀራጩ ሁሉ እንቅፋት ናቸው። ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲያጣ እንዲያንቀላፋ፣ ፍጥነቱን እንደ ሥራው ብዛት ከፍና ዝቅ እንዲያደርግ፣ አንዱ ፕሮሰሰር ሁለት መስሎ እንዲሠራ የሚያደርጉት ሥርዓቶች ሁሉ ይዘጋሉ፤ የማያስፈልገው የድምፅ ክፍልና ሞደም ይጠፋል፤ ፓራለል ፖርቱ ኢ.ፒ.ፒ. በተባለው ዐይነት ይደረጋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ባዮሱ ራሱ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ምንም ሳያውቅ፣ ፕሮሰሰሩን ለጥቂት ጊዜ ነጥቆ የግል ጉዳዩን የሚፈጽምበት ስውር ጥሪ ነው። የዩኤስቢ ኪቦርድን እንደ አሮጌው ኪቦርድ የማስመሰል አገልግሎት አንዱ የዚህ ምክንያት ስለ ሆነ፣ እርሱን ዘግቶ ክብ መሰኪያ ባለው በአሮጌው ኪቦርድ መሥራት ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ኮምፒዩተሩ ይፈተናል። ሊኑክስ ሲ.ኤን.ሲ. የተባለው ነጻ ፕሮግራም (ሥሩ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ለሕዝብ የለቀቀው ሥራ ነው) የመዘግየት መመርመሪያ አለው፤ በየ25 ማይክሮሴኮንዱ አንድ ጊዜ እንዲነቃ የተቀጠረው ተግባር ከቀጠሮው ምን ያህል እንደሚዛነፍ በናኖሴኮንድ ያሳያል። ፈታኙ ቍጥሩን ዝም ብሎ እያየ አይቀመጥም። መስኮቶቹን ይዞ በስክሪኑ ላይ ወዲያና ወዲህ ይጐትታል፣ ትልቅ ፋይል ከዲስክ ወደ ዲስክ ይገለብጣል፣ ባለ ቀለም ጥርሶቹ እየተሽከረከሩ የምስል ካርዱን የሚያደክመውን ትንሽ ፕሮግራም ይከፍታል፤ ይህን ሁሉ እየሠራም ሩብ ሰዓት ያህል ይጠብቃል። ቍጥሩ 9,000 ላይ ረግቶ ከቆየ በኋላ፣ አንድ መስኮት በተዘጋ ጊዜ ድንገት ወደ 140,000 ዘሎ ቢገኝ፣ የዚያ ኮምፒዩተር እውነተኛ ባሕርይ ኋለኛው ነው፤ ሚዛን ላይ የሚወጣው አማካዩ ሳይሆን ክፉው ቅጽበት ነውና። ከ20,000 በታች ያለው እጅግ መልካም ነው፤ ከ30,000 እስከ 50,000 ያለው ይሠራል፣ ነገር ግን ሞተሩ በዝግታ ይሄዳል፤ ከ100,000 የበለጠው ምቱን በራሱ ለማውጣት አይሆንም። እንዲህ ያለውን ለመፈወስ በመጀመሪያ ከማዘርቦርዱ ጋር ሚሞሪ የሚጋራው የምስል ክፍል ተዘግቶ ለብቻው የሆነ የምስል ካርድ ይገባል፤ ሁለት ኮር ያለው ፕሮሰሰር ከሆነም አንዱ ኮር ለዚህ ሥራ ብቻ እንዲለይ ይታዘዛል። እንዲህ እየተፈተነ የተጣለ ፔንትየም 2 ከእርሱ በብዙ እጥፍ የሚፈጥነውን ፔንትየም 4 ሲበልጥ መታየቱ፣ የዘርፉን ጀማሪዎች ዘወትር የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን በተመለከተ፣ ለአሮጌ ዕቃ አሮጌ ሥርዓት እንደሚስማማው መታወቅ አለበት። ሊኑክስ ሲ.ኤን.ሲ. ኡቡንቱ 10.04 ከተባለው እትምና አር.ቲ.ኤ.አይ. ከተባለው ሰዓት አስከባሪ ከርነል ጋር ተሰናድቶ የወጣበት ሲዲ ለእነዚህ ኮምፒዩተሮች ልክ ነው። ማክ 3 የተባለው በዊንዶውስ የሚሠራ ፕሮግራም ደግሞ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ይፈልጋል፤ ፓራለል ፖርቱን የሚነዳው ክፍሉ በ64 ቢት ላይ አይሠራምና። ዊንዶውስ ኤክስፒ ከሚያዝያ 8 ቀን 2014 ወዲህ ከሠሪው ጥበቃ የተለየ ስለ ሆነ ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘት አይገባም፤ በእኔ አስተያየት ግን ሊኑክስም ቢሆን መገናኘት አያስፈልገውም፤ ፋይሉ በፍላሽ ተጭኖ ይምጣ፣ መኪናውም በሥራ መካከል የማሻሻያ ጥሪ ከሚያቋርጠው ይረፍ።

ቍጥሩን አንድ ጊዜ መሥራት ነገሩን ሁሉ ይገልጸዋል። ሜትሪክ 8 የተባለው ባለ ፊለቶ ዘንግ በአንድ ዙር 1.25 ሚሊሜትር ዳዶውን ይገፋል፤ ድራይቨሩ (የኮምፒዩተሩን ምት ተቀብሎ ለሞተሩ ኃይል የሚሰጠው ሰሌዳ) እያንዳንዱን እርምጃ ስምንት ቦታ እንዲከፍል ቢደረግ፣ አንድ ዙር 1,600 ምት፣ አንድ ሚሊሜትርም 1,280 ምት ይሆናል። ኮምፒዩተሩ በየ25 ማይክሮሴኮንዱ ቢነቃ በሴኮንድ 40,000 ጊዜ ይነቃል፤ ሽቦውን አንድ ጊዜ ከፍ፣ አንድ ጊዜ ዝቅ ማድረግ ስላለበት ግን ከ20,000 ምት አይበልጥም። 20,000 ለ1,280 ሲካፈል በሴኮንድ 15.6 ሚሊሜትር፣ በደቂቃ 937 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በአንድ ዙር 5 ሚሊሜትር የሚገፋ ዘንግ ቢገባበት፣ አንድ ሚሊሜትር 320 ምት ብቻ ይሆንና ያው ኮምፒዩተር በደቂቃ 3,750 ሚሊሜትር ያስኬዳል። ስለዚህ መኪናው ዘገየ ብሎ ኮምፒዩተር ለመለወጥ የሚቸኩል ሰው አስቀድሞ ዘንጉን ይመርምር። ስሌቱም በተግባር ይታረማል፤ 100 ሚሊሜትር ታዝዞ በካሊፐር ሲለካ 99.2 ሆኖ ከተገኘ፣ 1,280 በ100 ተባዝቶ ለ99.2 ይካፈላል፤ 1,290.3 የሚለውም አዲስ ቍጥር ይጻፋል።

ሽቦው ሲዘረጋ መሰኪያውን ከሞተሮቹ ድራይቨር ጋር በቀጥታ ማገናኘት ድፍረት ነው፤ በመካከል በብርሃን የሚያስተላልፍ፣ ሁለቱን ወገኖች በኤሌክትሪክ የሚለይ ሰሌዳ ይገባል። አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ከጉዳት በኋላ ይማረዋል። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ፕሪንተር ፍለጋ እግሮቹን በዘፈቀደ ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ በዚያን ጊዜ የመኪናው ኃይል በርቶ ከሆነ፣ ማንም ሳያዝዝ ሞተሩ ሊንፈራገጥ፣ መቁረጫውም ሊሽከረከር ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ኮምፒዩተሩ፣ ኋላ የሞተሮቹ ኃይል ይበራል፤ ሲጠፋም በተገላቢጦሽ ነው። ጠንቃቃው ሰው ደግሞ ፕሮግራሙ በሕይወት ሳለ ብቻ ያለማቋረጥ የሚፈራረቅ ምልክት በአንድ እግር እንዲወጣ ያደርግና፣ ያ ምልክት ከሌለ ሰሌዳው ምንም ትእዛዝ እንዳያሳልፍ ያስራል። የአደጋ ማቆሚያው ቀይ ቁልፍ ግን ለፕሮግራም ነጋሪ ብቻ ሳይሆን የሞተሮቹን ኃይል በራሱ የሚቈርጥ መሆን አለበት። ኃይል ሳለ የሞተርን ሽቦ ከድራይቨሩ መንቀል ድራይቨሩን ያቃጥላል።

በዚህ መኪና የግእዝ ፊደል ለመቅረጽ የሚሻ ሰው፣ አሮጌው ኮምፒዩተር ፊደሉን አያውቅም ብሎ ሊሰጋ አይገባም። እርግጥ የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው፤ ኒያላ የተባለው የፊደል ቅርጽም ከዊንዶውስ ጋር መውጣት የጀመረው ከኤክስፒ በኋላ በቪስታ ነው። ነገር ግን ጽሑፉ በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ ተጽፎ፣ የእያንዳንዱ ፊደል ዳር ወደ መሥመር ከተለወጠ በኋላ ወደ ጂ ኮድ ሲገለበጥ፣ አሮጌው ኮምፒዩተር የሚያገኘው «ሀ»ን ወይም «ጰ»ን ሳይሆን የልኬት ቍጥሮችን ብቻ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ጥልቀቱ ነው፤ ጫፉ በ60 ዲግሪ የሾለ መቁረጫ 0.2 ሚሊሜትር ሲጠልቅ 0.23 ሚሊሜትር ስፋት ያለው መሥመር ያወጣል፤ የናሱ ገበታ በአንድ ወገን 0.1 ሚሊሜትር ከፍ ያለ እንደ ሆነ በዚያ በኩል መሥመሩ ወደ 0.35 ይሰፋል፣ የፊደሎቹም ቀጫጭን እግሮች እርስ በርሳቸው ይዋጣሉ።

ለመጀመሪያው ሙከራ በመቁረጫው ቦታ ብዕር ይታሰራል፣ በገበታው ላይም ወረቀት ይለጠፋል። አንድ ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጻፋል፤ ወረቀቱ ሳይነቃነቅ ያው ጽሑፍ ከዚያው መነሻ እንደ ገና ይደገማል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አጠገብ ጥላ መስሎ ከወደቀ፣ ሞተሩ በአንድ ቦታ እርምጃ ጥሏል፤ ፍጥነቱ ይቀነሳል፣ ወይም የመዘግየቱ ፈተና ይደገማል፣ ወይም የዳዶው መላላት ይታያል። ሁለቱ መሥመሮች ተደርበው አንድ ሆነው ሲታዩ ግን ብዕሩ ይወልቅና መቁረጫው ይገባል።