የአንበጣ መንጋና የተውሶ ፊት
«ዘ ጉድ ኧርዝ»፤ የሆሊውድ ፊልም፣ ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር፣ እ.ኤ.አ. 1937

እ.ኤ.አ. በ1931 ከታተመው የፐርል በክ ልቦለድ የተወሰደው ይህ ፊልም የቻይናዊውን ገበሬ የዋንግ ሉንግንና የሚስቱን የኦላንን ኑሮ ይተርካል። ድርቁ፣ ስደቱ፣ በማሳው ላይ የሚወርደው አንበጣ ለከሚሴ ከተማ ተመልካች ማብራሪያ አያሻውም፤ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የአንበጣ መንጋ የዚያኑ አካባቢ ማሽላ አጥቅቷልና። ገበሬዎቹ ሰብላቸውን ለማዳን የሚረባረቡበት ትዕይንት ዛሬም ልብ ይነካል። ፊቶቹ ግን የተውሶ ናቸው። ዋንግንና ኦላንን ሆነው የተወኑት ፖል ሙኒና ሉዊዝ ራይነር፣ ሁለቱም ነጮች ናቸው። ትውልደ ቻይና አሜሪካዊቷ አና ሜይ ዎንግ የኦላንን ሚና ፈልጋ ተነፈገች፤ ራይነር በዚሁ ሚና ኦስካር ተሸለመች።

«የዘመኑ አሠራር ነበር፤ ፊልሙም ቢሆን አሜሪካውያን ለቻይና ገበሬ እንዲያዝኑ አድርጓል» የሚል አይጠፋም። ማሳዘኑ እውነት ነው፤ ለገበሬ ማዘን ግን ገበሬውን ከማየት አይቆጠርም። አሠራሩም ቢሆን የስቱዲዮ ምርጫ እንጂ ግዴታ አልነበረም፤ ዎንግ በዚያው በሆሊውድ የታወቀች ተዋናይ ነበረች። ሌላ መንገድ እንዳለ ኢትዮጵያዊው ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ለዕይታ ባበቃው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አሳይቷል፤ በባለርስት ሥር የሚማቅቀውን ጭሰኛ ሙያቸው ትወና ባልሆነ ኢትዮጵያውያን፣ በአማርኛ፣ በአገሩ ማሳ ላይ ቀርጿል። ያ ፊልም ከልቦለድ አልተወሰደም፤ ንጽጽሩ ስለ ድርሰቱ ሳይሆን ገበሬውን ማን ይወክለው ስለሚለው ነው። በዚህ መለኪያ የኃይሌ ሥራ ይበልጣል፤ ሁለቱንም አይታችሁ ፍረዱ።