የርችት ፓኬት መለያዎች፦ ከካንቶንና ከማካው እስከ ሰብሳቢው አልበም

የርችት መለያ በትንንሽ ተተኳሽ ርችቶች ፓኬት ላይ የሚለጠፍ፣ ብዙውን ጊዜ ከመዳፍ የማይበልጥ ባለቀለም የህትመት ወረቀት ነው። ዘንዶ፣ ነብር፣ አውሮፕላን ወይም ጥቁር ድመት ይታይበታል። ከስዕሉ ግርጌ የምርቱ ስም፣ የአምራቹ ድርጅትና የተሠራበት አገር በደቃቅ ፊደል ይሰፍራሉ። ገዢው ፓኬቱን ቀዶ ርችቱን ከለኮሰ በኋላ መለያው ከብጥስጣሹ ቀይ ወረቀት ጋር ተጠርጎ ይጣላል። በገፍ የታተመ ወረቀት ዛሬ በጥቂት ቅጂ ብቻ የሚገኘውና ሰብሳቢዎችን እርስ በርስ የሚያሻማው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሠሪው ቻይና፣ ዋናው የውጭ ገዢ ደግሞ አሜሪካ ነበር። በቻይና ርችት የአዲስ ዓመት፣ የሠርግና የሱቅ ምረቃ ድምፅ ነው፤ እርኩስ መንፈስን ያባርራል ተብሎም ይታመናል። አሜሪካውያን የሚተኩሱት በዋናነት በሰኔ ወር መጨረሻ፣ በነጻነት በዓላቸው፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 4 ቀን ነው። ከነጻነቱ መሪዎች አንዱ የነበረው ጆን አዳምስ ገና ጁላይ 3 ቀን 1776 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለባለቤቱ በጻፈው ደብዳቤ ነጻነቱ በየዓመቱ በመድፍ ተኩስና በብርሃን እንዲከበር ተመኝቶ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የካንቶን፣ ማለትም የዛሬዋ የጓንግጆ፣ ነጋዴዎች ይህን ምኞት ወደ ገበያ ለወጡት። በአካባቢው አውራጃዎች የተሠራው ርችት በሆንግ ኮንግ ወደብ በኩል ውቅያኖስ ተሻግሮ ይሸጥ ጀመር።

የቻይና ገዢ የሚያውቀው የንግድ ቤቱን ስም ስለነበር ጽሑፍ ይበቃው ነበር። ባሕር ማዶ ያለው ደንበኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳንቲም የያዘ ልጅ ነው፤ የቻይንኛ ፊደል ምኑም አይደለም። ስለዚህ ስዕሉ እንዲናገር ተደረገ። የመጀመሪያዎቹ መለያዎች ዘንዶዎችን፣ የቻይና አማልክትንና ባለሐር ልብስ ሴቶችን ያሳያሉ። እየቆየ የአሜሪካ ንስር፣ ላም ጠባቂ ፈረሰኛ፣ የጦር አውሮፕላን፣ በኋላም የጠፈር ሮኬት መጡ። አሜሪካን በዓይናቸው ያላዩ የሆንግ ኮንግና የካንቶን ሠዓሊዎች ከመጽሔትና ከማስታወቂያ ላይ እያዩ የሳሉት አሜሪካ ከእውነተኛው ትንሽ ዘመም ያለ ነው። የእነዚህ መለያዎች ውበት ከዚያ መዛባት ይመነጫል ቢባል ስህተት አይሆንም።

አሠራሩ በእጅ ነበር። ወረቀት በቀጭኑ ይጠቀለልና ቱቦ ይሆናል፤ ብዙ መቶ ቱቦዎች ጎን ለጎን ተደርድረው እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ማዕዘን ነዶ ይታሰራሉ፤ አንዱ ጫፋቸው ይደፈናል፣ ባሩድ ይሞላባቸዋል፣ ማቀጣጠያ ክር ይገባላቸዋል። ከዚያ ክሮቹ አንድ በአንድ ተጎንጉነው ሰንሰለት ይሠራሉ። ጉንጎናው ባሩድ መሙላትን ያህል አደገኛ ስላልነበረ ለቤት ሥራ ይሰጥ ነበር፤ ሴቶችና ልጆች በየደጃፋቸው ተቀምጠው በሠሩት ልክ ይከፈላቸዋል። መለያው የሚለጠፈው በመጨረሻ፣ ፓኬቱ በቀይ ወይም በሚያሳይ ስስ ወረቀት ከተጠቀለለ በኋላ ነው። የተለመደው ፓኬት 16 ርችት ይይዛል፤ 80 ፓኬት አንድ ላይ ሲታሸግ ጡብ የሚመስል ጥቅል ይወጣዋል፤ ጥቅሉም የራሱ ትልቅ መለያ አለው። ይህ ትልቁ መለያ የሚገኘው ለ80 ፓኬት አንድ ብቻ ስለሆነ በሰብሳቢዎች ዘንድ በውድ ይፈለጋል።

የቀረጥ ሕግ ርችቱን ራሱን ቀይሮታል። አሜሪካ የርችት ቀረጥ የምታስከፍለው በክብደት ነበር፤ የድሮው ርችት ጫፍ ደግሞ በጭቃ ይደፈን ስለነበር ነጋዴው ለጭቃም ይከፍል ነበር ማለት ነው። በ1906 ካንቶን ውስጥ የተቋቋመው ሊ ኤንድ ፈንግ የተባለው የንግድ ቤት በጭቃ ፋንታ በወረቀት የተደፈነ ርችት በማስፋፋት ስሙ ይነሳል። ርችቱ ቀለለ፣ ቀረጡም አነሰ። ይኸው ቤት በኋላ በአሜሪካ እጅግ የታወቀው የጥቁር ድመት ምልክት፣ ‘ብላክ ካት’፣ ባለቤት ሆኗል።

የመለያውን ዕድሜ ለማወቅም ከስዕሉ ይልቅ ሕጉ ይረዳል። ስዕል ለአሥርተ ዓመታት ሳይለወጥ ሊታተም ይችላል፤ ግርጌው ላይ ያለው ደቃቅ ጽሑፍ ግን አዲስ ደንብ በወጣ ቁጥር ይቀየራል። በ1890 የወጣው የማኪንሊ የቀረጥ ሕግ ወደ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ከ1891 ጀምሮ የመጣበትን አገር ስም እንዲይዝ አዘዘ። ስለዚህ የአገር ስም የሌለው የውጭ ገበያ መለያ በጣም የቆየ ሊሆን ይችላል፤ ‘ቻይና’ የሚል ብቻ ያለበት ቀጥሎ ይመጣል፤ ‘በቻይና የተሠራ’ የሚለው ሙሉ አነጋገር ከ1920ዎቹ ወዲህ የተለመደ ነው። ከዚያ የኮሪያ ጦርነት መጣ። አሜሪካ በታኅሣሥ 1950 በቻይና ላይ የንግድ ማዕቀብ ስትጥል የቻይና ስም ከመለያዎቹ ላይ ጠፋ፤ ማካውና ሆንግ ኮንግ ተተኩበት። በዚሁ ዘመን የአሜሪካ የክልሎች ንግድ ኮሚሽን የርችት ምደባ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ‘አይሲሲ’ ተብሎ መታተም ጀመረ። በ1967 የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሥራ ሲጀምር ቦታውን ‘ዲኦቲ’ የሚለው ምህጻር ወሰደ። ከ1976 መጨረሻ በኋላ ደግሞ መሬት ላይ የሚተኮስ አንድ ርችት ከ50 ሚሊግራም በላይ ባሩድ እንዳይዝ ተከለከለ፤ መጠኑም ከማስጠንቀቂያው ጋር መለያው ላይ ሰፈረ።

ጀማሪ ሰብሳቢን የሚያሳስተው ማዕቀቡ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከላላ በኋላ የቻይና ስም ተመልሶ መምጣቱ ነው። ‘በቻይና የተሠራ’ የሚል መለያ ከ1950 በፊት ወይም ከ1972 ገደማ ወዲህ የታተመ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን የሚለየው የማስጠንቀቂያው ጽሑፍ መኖር አለመኖር ነው። ሻጮች ይህን ልዩነት ሳያውቁ፣ አንዳንዴም እያወቁ፣ የኋለኛውን በፊተኛው ዋጋ ያቀርባሉ። ልምድ ያላቸው ሰብሳቢዎች ዘመኖቹን በደረጃ ከፋፍለው በቁጥር ይጠሯቸዋል፤ ከፍተኛው ዋጋም ለቀደሙት ደረጃዎች ይሰጣል።

ማዕቀቡ የጠቀመው በወቅቱ በፖርቱጋል ሥር የነበረችውን ማካውን ነው። ርችት ከክብሪትና ከዕጣን ጋር ከከተማዋ ሦስት ዋና የእጅ ኢንዱስትሪዎች አንዱ ነበር። በ1920ዎቹ በከተማው ውስጥ ከደረሰ ከባድ ፍንዳታ በኋላ ፋብሪካዎቹ ሕዝብ ወደማይበዛበት ወደ ታይፓ ደሴት ተዛወሩ። እዚያም አደጋው አልቀረም፤ የሥራ ክፍሎቹ የተራራቁና በወፍራም ግንብ የተለያዩት፣ በየመካከላቸውም ኩሬ የተቆፈረው አንዱ ሲፈነዳ ሌላውን እንዳያነድ ነበር። የደሴቲቱ ቤተሰቦች ለአሥርተ ዓመታት በዚህ ሥራ ኖረዋል። ሰብሳቢዎች ስለ ማካው መለያዎች ቀለምና ብርቅነት ብዙ ሲጽፉ ስለ ጎንጓኞቹ እጅግ ጥቂት መጻፋቸው የመስኩ ጉድለት ነው። የታይፓው ኢየክ ሎንግ ፋብሪካ በ1984 ተዘጋ፤ ግቢው ታድሶ በ2022 ለጎብኚዎች ተከፍቷል። የዛሬው ምርት ዋና ማዕከል በሁናን ክፍለ ሀገር የምትገኘው ሊዩያንግ ናት።

አሜሪካም የራሷ አምራቾች ነበሯት። በ1905 ሲያትል ውስጥ የተመሠረተው የሂት ርችት ፋብሪካ ‘ፍላሽክራካ’ በሚል ስም ይሸጥ ነበር፤ ሳጥኖቹ፣ የዋጋ ዝርዝሮቹና የሱቅ ማስታወቂያዎቹ ዛሬ ይሰበሰባሉ። በ1966 በወጣው የሕፃናት ጥበቃ ሕግ የታገዱት ‘ኤም-80’ እና ‘ቼሪ ቦምብ’ የተባሉት ኃይለኛ ርችቶች ባዶ ሳጥኖችም ተፈላጊ ናቸው።

መሰብሰቡ እንደ መዝናኛ የሰፋው ርችት ተኩሰው ያደጉ አሜሪካውያን ጎልማሳ ሲሆኑና ብዙ ክፍለ ግዛቶች ሽያጩን ሲያጠብቁ ነው። ዋረን ዶትዝ፣ ጃክ ሚንጎና ጆርጅ ሞየር በ2000 ያሳተሙት ባለስዕል መጽሐፍ መለያዎቹን ከሰብሳቢዎች ክበብ ውጭ ላለ አንባቢ አስተዋውቋል። ይሁን እንጂ አልበሞቹ የሚያኮራ ነገር ብቻ አይደለም የያዙት፤ ጥቁር አሜሪካውያንን የሚያንቋሽሹ ስዕሎች በአንዳንድ የድሮ መለያዎች ላይ ይገኛሉ። እነሱን ደብቆ ማስቀረት የዘመኑን ገበያ ከነበረው የተሻለ ያስመስለዋል፤ ከነማብራሪያቸው ማስቀመጡ ይሻላል።

ዋጋ ሲያድግ ማጭበርበርም ይከተላል። የድሮው የሊቶግራፍ (የድንጋይ) ህትመት በማጉያ መነጽር ሲታይ ከኮምፒውተር ማተሚያ ነጠብጣብ ይለያል። ከ1950 ገደማ ወዲህ በወረቀት ፋብሪካዎች የተለመደው ማንጫ ኬሚካል በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ ስለዚህ ‘የ1920ዎቹ’ የተባለ ወረቀት ካበራ ሊታመን አይገባም። አለማብራቱ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይሆንም። ትክክለኛውን መለያ ደግሞ ፀሐይ ያደበዝዘዋል፣ አሲድ ያለበት ካርቶን ያቢጨዋል፣ ማጣበቂያ ፕላስተር ለዘለቄታው ያበላሸዋል።

ርችቱ ያልወጣለት ሙሉ ፓኬት ከባዶ መለያ በብዙ እጥፍ ይወደዳል፤ ነገር ግን ውስጡ ያለው ባሩድ ስላረጀ አይሞትም፤ ከእሳት፣ ከግጭትና ከሙቀት ተጠብቆ ካልተቀመጠ እንደ አዲሱ ይፈነዳል። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ርችት በፖስታ መላክን ይከለክላል፤ ስለዚህ በሰብሳቢዎች መካከል በፖስታ ሊላላክ የሚችለው ከባሩዱ የተለየው ወረቀት ብቻ ነው።