መርገብገብ ሲፈጥን፦ ለአንድ የቀድሞ ተማሪዬ የመለስኩት

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ ዴክስድ የሚባለውን ነፃ ሲንተሳይዘር ላፕቶፔ ላይ ጫንኩት። የራሴን ድምፅ ልሥራ ብዬ ስከፍተው የማዞሪያው ብዛት! ሦስት ማታ ታገልኩ። ይሄ ነገር ለኢንጂነር እንጂ ለኔ አይነቱ አይደለም፤ ላጠፋው ነው።» ቆይ አንዴ አልኩት። መልሱ ስለረዘመ ለሁላችሁም ይሁን።

ነገሩን ያገኘው ሰውዬ እኮ ኢንጂነር አልነበረም። ጆን ቾውኒንግ ይባላል፤ የሙዚቃ ደራሲ ነው፣ ከበሮም ይመታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ቪብራቶ ይሞክር ነበር። ቪብራቶ ማለት ዘፋኝ ድምፁን ረዘም አድርጎ ሲይዝ የሚያርገበግበው ነው፤ በሰከንድ 5 ወይም 6 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ቾውኒንግ ፍጥነቱንም ስፋቱንም ጨመረ፣ አሁንም ጨመረ። በሰከንድ ከ20 አካባቢ ሲያልፍ ጆሮው መርገብገቡን መከተል አቃተው። በምትኩ ሌላ ቀለም ያለው፣ አዲስ ድምፅ ሰማ። ከጀርባው ያሉት ግን ሁለት ሳይን ሞገዶች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ሌላውን ይነቀንቃል። (ሳይን ሞገድን ሰሌዳ ላይ ስስልላችሁ የተኛችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።) ኤፍኤም የሚባለው ይሄው ነው፤ የሬዲዮው ኤፍኤምም መርሁ ያው ነው።

ሃሳቡ ለአሜሪካ ኦርጋን አምራቾች ቀርቦ ነበር፤ ሃሞንድም ዉርሊትዘርም አልፈለጉትም። የገባው ለጃፓኑ ያማሃ ነው። በ1983 ዲኤክስ7 የተባለውን ኪቦርድ አወጣ፣ ዓለምን አጥለቀለቀ። ስታንፎርድም ከፓተንቱ ሚሊዮኖች ዶላር አገኘ።

የዛሬው ጣጣ የመጣውም ከዚያ ኪቦርድ ነው። ውስጡ 6 ኦፕሬተር፣ ማለትም 6 ሳይን ሞገድ አለ፤ እነሱን ማገናኛ 32 መንገድ አለ። ይሄ ሁሉ የሚስተካከለው ግን በአንዲት ጠባብ ስክሪንና በቁልፎች ነበር። ማን ይቻለው! አብዛኛው ሙዚቀኛ ተዘጋጅተው የመጡትን ድምፆች ብቻ ተጠቀመ። በ1980ዎቹ የፈረንጅ ዘፈኖች ውስጥ እንደ ብርጭቆ የሚጠራው ያ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት የሆነው ለዚህ ነው። ዴክስድ የዚያው ኪቦርድ የሶፍትዌር ልጅ ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ የከበደህ አንተ ስለማትችል አይደለም። ያኔ ሥራቸው ይሄ የነበሩ ሰዎችም ሸሽተውታል።

ዩቲዩብ ላይ «ፊልተሩን አዙር» የሚሉህም ስለ ሌላ ዘር ነው የሚያወሩት። ሙግና መሰሎቹ ከወፍራም ድምፅ እየቀነሱ ይሠራሉ። ዲኤክስ7 ላይ ፊልተር የሚባል ነገር አልነበረም።

አንተ ቾውኒንግ ያደረገውን አድርግ። ኢኒት የሚለውን ተጫን፤ አንድ ባዶ ሳይን ሞገድ፣ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ይቀርሃል። ሌላውን እርሳው፣ የኦፕሬተር 2ን መጠን ብቻ ቀስ እያልክ ጨምር። ድምፁ ሲሳል ትሰማለህ። ሬሾውን 2 ስታደርገው ክላርኔት ክላርኔት ይላል፤ 1.41 ላይ ወደ ደወል ይሄዳል። ክራር የሚመስል ከፈለግክ ደግሞ ክር ሲመታ ምን እንደሚሆን አስብ፦ መጀመሪያ ስል ነው፣ ስለቱ ቶሎ ይጠፋል፣ ድምፁ ግን ይቆያል። ስለዚህ የኦፕሬተር 2 ኢንቨሎፕ ቶሎ ይውደቅ፣ የ1 ቀስ ብሎ። ከ3 እስከ 6 ያሉትን ለአንድ ወር አትንካቸው።

ትናንት ማታ 12 ሰከንድ የምትሆን ፋይል ላከልኝ። ክራር አይደለም፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የወደቀ ሳንቲም ነው የሚመስለው። እንዴት ሠራኸው ብዬ ብጠይቀው ግን ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ቆጠረልኝ። ኦፕሬተር 2ን 7 ላይ አድርጎታል።