532፦ የባሕረ ሐሳብ ትልቁ ቁጥር

ልጆቻችን «ፋሲካችን ከጎረቤቶቻችን የሚለየው ለምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁን አብዛኞቻችን «አባቶች እንዲህ ቀምረውታል» ብለን እናልፋለን። ቀመሩ ግን ምስጢር አይደለም፤ ማባዛትና ማካፈል የሚችል ልጅ ሁሉ ይደርስበታል። ቁልፉም 532 የተባለው ቁጥር ነው።

እስቲ ቁጥሩን እንበትነው። 4 በ7፣ ውጤቱም በ19 ሲባዛ 532 ይሆናል። 4ቱ ከማቴዎስ እስከ ዮሐንስ ያሉት ዘመናት ናቸው፤ በየ4 ዓመቱ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። 7ቱ የሳምንቱ ዕለታት ናቸው። 19ኙ ደግሞ ጨረቃ ከፀሐይ ዓመት ጋር ተመልሳ የምትገጥምባቸው ዓመታት ናቸው። ከሦስቱ የትኞቹም ሁለት ቁጥሮች ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም፤ ስለዚህ ዘመኑ፣ ዕለቱና ጨረቃዋ በአንድነት ወደ ቦታቸው የሚመለሱት በ532 ዓመት ነው እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም። አባቶቻችን ይህን ዐቢይ ቀመር ይሉታል፤ ትውፊቱም ስሌቱን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል።

አሁን ወረቀትና እርሳስ ያዙ። በ2018 ዓ.ም. ላይ 5500 ስንደምር ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው። ለ532 ሲካፈል 14 ጊዜ ደርሶ 70 ይተርፋል። 70 ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ 1 ስንቀንስ ወንበር 12 ሆነ። ወንበሩን በ11 አባዝተን 30 30 ስንገድፍ አበቅቴ 12፣ በ19 አባዝተን ስንገድፍ መጥቅዕ 18 ይወጣል። የሁለቱ ድምር 30 ነው፤ 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ናቸውና። መጥቅዕ ከታወቀ ፋሲካም ይታወቃል፤ የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። ከ532 ዓመት በፊት በ1486 ዓ.ም.፣ በዐፄ እስክንድር ዘመንም፣ የዋለው በዚያው በሚያዝያ 4 ነበር።

የድሮ የሒሳብ መምህር ነኝና፣ ሾርት ኖርዝ ውስጥ ሃይ ስትሪት ላይ ታክሲዬን አቁሜ ደንበኛ ስጠብቅ ይህን በደረሰኝ ጀርባ እሠራዋለሁ፤ 5 ደቂቃ አይፈጅም።

የጎረቤቶቻችንስ ፋሲካ? ሮም በ1582 እ.ኤ.አ. ከመቁጠሪያው 10 ቀን አስወጣች፤ በየ400 ዓመቱም 3 ተጨማሪ ቀኖችን አስቀረች። አቆጣጠሩ ለፀሐይ ይበልጥ ቀረበ፤ የ532 ዙር ግን ፈረሰ። የእነርሱ የፋሲካ ቀኖች በዚያው ቅደም ተከተል የሚመለሱት በ5,700,000 ዓመት ነው። ለልጆቻችን ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፦ እኛ በ532 ጸንተናል።

ወገኖቼ፣ በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ «ባሕረ ሐሳብ»ን የጻፉልን በስደት፣ እዚሁ አሜሪካ ሆነው ነው። ቅርሱ በካላንደር ብቻ ከቀረ የሚያሰላው ሰው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እንግዲህ የ2019ን ከልጆቻችሁ ጋር ሥሩት፤ ወንበሩ 13 ካልመጣ እንደገና ሞክሩ።