ከጭላሎ ቁልቁል፦ የአርሲ ቤተሰብ ሽርሽር ታሪክ

እ.ኤ.አ. በጥር 1891 «አውጉስታ ቪክቶሪያ» የተባለች የጀርመን መርከብ 241 መንገደኞች ጭና ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ወጣች። ከመንገደኞቹ መካከል ለንግድ፣ ለስደት ወይም ለጦርነት የሚሄድ አልነበረም። የሃምቡርግ-አሜሪካ መርከብ ድርጅት ሹም የነበረው አልበርት ባሊን፣ በብርዱ ወራት የአትላንቲክ መንገደኛ እየሳሳ መርከቦቹ ሥራ ሲፈቱ አይቶ ያመጣው መላ ነበር፤ ገንዘብ ያላቸውን ሰዎች ወስዶ ማንሸራሸርና መልሶ ማምጣት። የዛሬው የመዝናኛ መርከብ ንግድ አባት ተብሎ የሚጠራው በዚሁ ነው። አንድ መቶ ዓመት አለፍ ብሎ፣ በ1998፣ ዲዝኒ የመጀመሪያውን መርከብ ባሕር ላይ አወጣ። በዚህኛው ላይ ልጆች ቁርሳቸውን ከካርቱን ገጸ ባሕርያት ጋር ይበላሉ፣ ወላጆች በሌላ ፎቅ ላይ ያርፋሉ፣ ምግቡም አልጋውም ጭፈራውም በአንድ ቲኬት ተከፍሏል። መርከቡ የሚደርስበት ቦታ ብዙም አያሳስብም። ቦታው ራሱ መርከቡ ነው።

ይህን ከአሰላ ጋር ማያያዝ ቀልድ ሊመስል ይችላል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጭላሎ ተራራ እግር ሥር የተቀመጠች፣ ገብስና ስንዴ የከበባት የደጋ ከተማ ናት። አገሪቱም ወደብ ካጣች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል። ግን መርከቡን ትተን የተሳፋሪውን ነገር ብንመለከት፣ ቤተሰብ ልጅ አዋቂ ሳይል አንድ ላይ ከቤት መውጣቱ፣ ስንቁና ዘፈኑ፣ ልብሱና ምልክቱ አንድ መሆኑ፣ ውሃ ዘንድ ደርሶ ታድሶ መመለሱ፣ ይህ ሁሉ ለአርሲ ሰው እንግዳ አይደለም። ባሊን ከመወለዱ በፊትም ያውቀዋል። እንግዳ የሆነው ሌላ ነገር ነው፦ መርከብ ጎረቤት የለውም። የአርሲ ውሃ ግን ሁሌም ጎረቤት አለው፤ የዚህ ታሪክ ሁሉ ውሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

በመጀመሪያ አቅጣጫውን ማየት ያስፈልጋል። እንግሊዞች ሕንድን በገዙበት ዘመን በጋው ሲያቃጥላቸው ሽቅብ ወደ ተራራ ይሸሹ ነበር። ሲምላ የምትባለዋን የተራራ ከተማ ከ1864 ጀምሮ የበጋ መናገሻ እስከማድረግ ደርሰዋል። የእኛ አገር ደገኛ እረፍት የሚፈልገው በተቃራኒው ቁልቁል ነው፤ ብርድ የሰለቸው ሰው የሚመኘው ሙቅ ውሃ ነውና። አዲስ አበባ ራሷ የዚህ ልማድ ልጅ ናት። በ1879 ዓ.ም. የምኒልክ ቤተ መንግሥት ሰዎች ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃ እየወረዱ ሲታጠቡ፣ እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደው ቤት አሠሩ፤ ከተማውም እዚያው ቀረ። ዋና ከተማውን በመታጠቢያ ሽርሽር የቆረቆረ መንግሥት በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም።

አርሲም እንዲሁ ነው። ከጭላሎና ከጋላማ ሰንሰለት የሚወርደው ዝናብ በቀጣር ወንዝ ተሰብስቦ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። ላንጋኖም ቢሆን ውሃውን በአብዛኛው የሚያገኘው ከምሥራቁ፣ ከአርሲ ደጋ ከሚወርዱ ወንዞች ነው። የአሰላ ወይም የበቆጂ ቤተሰብ ላንጋኖ ወርዶ ሲዋኝ፣ በራሱ ማሳ ላይ የዘነበውን ዝናብ ተከትሎ መውረዱ ነው።

ቁልቁል መውረዱን የጀመሩት ከብቶች ናቸው። በኦሮሞ አርብቶ አደር ዘንድ «ሆራ» ማለት ጨውና ማዕድን ያለበት፣ ለከብት መድኃኒት የሆነ ውሃ ነው። ከብቱ በየጊዜው ሆራ ካልጠጣ ይከሳል፣ ወተቱ ይቀንሳል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ከደጋ ወደ ስምጥ ሸለቆው፣ ከስምጥ ሸለቆው ወደ ደጋ ወቅትን ጠብቆ መመላለስ የኑሮ ሥርዓት ነበር። ይህ ሽርሽር አይባልም፤ እረኝነት ሥራ ነው። ነገር ግን የመንገዱን ሕግ የሠራው እርሱ ነው። ውሃው ዘንድ ለመድረስ በሌላ ሰው ደጅ፣ በሌላ ጎሳ ግጦሽ ማለፍ ግድ ስለሆነ፣ ማን መቼ ያጠጣል፣ ማን ማንን ያሳድራል የሚለው ተነጋግሮ የሚወሰን ነበር። ውሃ ባለቤት ነበረው፤ አጥር ግን አልነበረውም።

በዚሁ መንገድ ላይ ሁለተኛ መንገደኛ ተጨመረ፣ ስለት ያለበት ሰው። ከአርሲ ደጋ ወደ ምሥራቅ፣ ዋቤ ሸበሌን ተሻግሮ ባሌ ውስጥ ድሬ ሼክ ሁሴን አለ። በነጭ ኖራ የተቀባው ይህ የመቃብር ስፍራ ለዘመናት የመቶ ሺህዎችን እግር ስቧል፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በዩኔስኮ ጊዜያዊ መዝገብ ላይ ይገኛል። ወደዚያ የሚሄደው ሰው ብቻውን አይሄድም። ሚስት፣ ልጆች፣ አያት፣ የታመመ ዘመድ፣ ስለት የተሳለበት በሬ ወይም ፍየል ሁሉ አብረው ይጓዛሉ። መንገደኛው «ኡሌ» የሚባለውን ጫፉ እንደ ባላ የተከፈለ በትር ይይዛል፤ በበትሩ ከሩቅ ይታወቃል። የሼኩን ውዳሴ «ባሮ»ን እያዜመ ይሄዳል፤ ሲመለስ «ጀዋራ» የሚባለውን የተባረከ አፈር ይዞ ይመጣል። ለስንቅ በአርሲ ከጭኮ የሚሻል የለም። በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ነው፤ ሳይበላሽ ብዙ ቀን ይቆያል፣ ትንሹም ያጠግባል።

እዚህ ላይ የመርከቡን ነገር ማስታወስ አያስቸግርም። ምልክት አለ፣ ዜማ አለ፣ ስንቅ አለ፣ ማስታወሻ ይዞ መመለስም አለ። ጭብጡ ግን ከካርቱን የከበደ ነው። ሴትዮዋ የምትሄደው ልጅ ስላጣች ወይም ስላገኘች ነው። ቢሆንም ድካም ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። ወጣቶች የሚተያዩት፣ ዘመድ ከዘመድ የሚገናኘው፣ ልጆች ከመንደራቸው ሌላ አገር መኖሩን የሚያዩት በዚሁ ጉዞ ነው። ደግሞም መንገደኛው ሲመሽ የደረሰበት መንደር ያሳድረዋል፤ ማሳደሩ ራሱ በረከት ነውና።

አርሲ ውስጥ ደግሞ ፈረቀሳ አለ። እ.ኤ.አ. በ1929 ያረፉት ሲቲ ሞሚና የተባሉት ሴት ያቀኑት ይህ ስፍራ ለየት የሚለው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚሄድበት በመሆኑ ነው። በክርስቲያኑ በኩል ደግሞ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚደረገው ጉዞ የታወቀ ነው። ዛሬ በየከተማው የሚለጠፉትን የመንፈሳዊ ጉዞ ማስታወቂያዎች ልብ ብሎ ያየ ሰው የኢትዮጵያን «ክሩዝ» አግኝቷል፦ አውቶቡስ፣ የደርሶ መልስ ዋጋ ምግብን ጨምሮ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት፣ ከሹፌሩ በላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ፣ ከጧት እስከ ማታ መዝሙር።

እንግዲህ ያለ ስለት፣ ያለ ከብት፣ ለመዝናናት ብቻ ቁልቁል መውረድ መቼ ተጀመረ? ከዚያ በፊት ወባ ነበር። ደገኛ ቆላን የሚፈራው በከንቱ አይደለም። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተነስቶ እስከ 1951 የዘለቀው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሞ 150,000 ገደማ ገድሏል ተብሎ ይገመታል፤ ያውም ወትሮ ወባ የማያውቁትን ከፍታዎች ጭምር ወጥቶ። ከዚያ በኋላ ነው የወባ ማጥፋት ድርጅት ተቋቁሞ በዲዲቲ ርጭት ዘመቻ የተጀመረው። አዋሽ ዳር ልጅን ይዞ ማደር የሚያስደፍር ነገር የሆነው ቀስ በቀስ ነው።

ሁለተኛው ነገር ደመወዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ «ካዱ» የተባለው የጭላሎ እርሻ ልማት ፕሮጀክት አሰላ ላይ ሲቋቋም፣ ከተማዋ የወር ደመወዝ የሚቆጥሩ ሰዎች ከተማ መሆን ጀመረች። የግብርና ባለሙያው፣ መምህሩ፣ የሆስፒታል ሠራተኛው ሁሉ ቅዳሜና እሑድ የሚባል ነገር አላቸው። ገባሩ ግን አልነበረውም። መሬቱ የባለርስት፣ ጊዜውም የባለርስት ነበር፤ እስከ የካቲት 1967ቱ አዋጅ ድረስ።

ለእነዚህ ደመወዝተኞች ቅርቡ ውሃ ሶደሬ ነበር። ከአሰላ ኢተያንና ዴራን አልፎ ወደ አዋሽ የሚወርደው መንገድ ከፍታውን በ1,000 ሜትር ያህል ይጥላል፤ ካፖርት ለብሶ የተሳፈረ ልጅ ሲደርስ ካናቴራው ብቻ ይቀረዋል። ፍል ውሃው ከመሬት ይፈልቃል፣ ገንዳው ሰፊ ነው፣ ዝንጀሮና ጦጣ ምሳ ይነጥቃል፣ ከወንዙ አዞ ይወጣል እየተባለ ልጅ ይፈራራል። ከሽማግሌዎቹ የሚበዙት የሚመጡት ለቁርጥማት ነው። ይህ ደስ የሚል ማምለጫ ነበር። ዝም ብሎ መዝናናት ነውር በሆነበት አገር «ለጤናዬ ነው» የሚል ሰው ማን ይከሰዋል? ልጆቹ ይዋኛሉ፣ አባት ጉልበቱን ይዘፈዝፋል። ስለቱ መልኩን ቀይሮ እንጂ ከመንገዱ አልጠፋም።

መንግሥትስ? በ1954 ዓ.ም. የቱሪዝም ድርጅት በሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት ሲቋቋምና «የ13 ወር ፀጋ» የሚለው መፈክር ሲወጣ፣ የታሰበው እንግዳ ፈረንጅ ነበር። ዶላር የሚያመጣው እርሱ ስለሆነ አይፈረድም። የአገሬው ቤተሰብ ግን በዚያ ስሌት ውስጥ አልነበረም። ላንጋኖ ዳር የበቀለ ሞላና የዋቢ ሸበሌ ሆቴሎች ሲሠሩ፣ ውሃው ቡናማ ቢሆንም ቢልሃርዚያ የሌለበት መሆኑ ዝናው ሆነ፤ የአዲስ አበባ ባለመኪና ደረሰበት። ከማዶ፣ በምሥራቁ ዳርቻ የሚኖረው የአርሲ ገበሬ ከብቱን እያጠጣ ያየው ነበር።

ስለ ጊዜ የሚነሳ ነገርም አለ፤ ከገንዘብ ይልቅ እርሱ ሳይከብድ አይቀርም። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በሐምሌና ነሐሴ ነው። ያን ጊዜ አርሲ ጭቃ ነው፣ ጉም ነው፣ የገበሬው ልጅ ደግሞ አረም ላይ ነው። ገበሬው እፎይ የሚለው አዝመራው ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ከጥር ጀምሮ ነው። ያን ጊዜ ልጁ ክፍል ውስጥ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት እረፍት ይሰጠዋል። እነዚያን ቀናት የሚበላቸው የእህት ሠርግ፣ የአጎት ተዝካር፣ የተጀመረ ቤት ጣሪያ ነው። አባት፣ እናትና ልጅ በአንድ ጊዜ ነፃ የሚሆኑባቸው ቀናት የበዓላት ቀናት ብቻ ናቸው፤ በበዓል ደግሞ ሰው ወደ ሪዞርት ሳይሆን ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። ባሊን ሥራ የፈታ መርከብ ከሥራ ፈት ገንዘብ ጋር አገናኘ። እዚህ አገር ሥራ የፈታ ክፍል ያለው ሪዞርትና ጊዜ ያገኘ ቤተሰብ በአንድ ወቅት አይገናኙም። በ2012 በተጀመረው «ገበታ ለሀገር» ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ ሲነሱ ስለ ሕንፃው ብዙ ተወራ፤ ስለ ቀን መቁጠሪያው ግን ብዙም የተወራ አይመስልም።

አጥሩ የመጣው በመጨረሻ ነው። ላንጋኖ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ጥንታዊ ዛፎች ባሉበት ጫካ ውስጥ «ቢሻንጋሪ» የሚባል ሎጅ ነበር። ስሙ በኦሮምኛ «ጥሩ ውሃ» ማለት ነው፤ ተፈጥሮን በመጠበቅ የተመሰገነም ነበር። በመስከረም 2009፣ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ የኢሬቻ በዓል ላይ ብዙ ሰው በሞተ ማግሥት በተቀሰቀሰው ቁጣ ተቃጠለ። አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በሰኔ 2012 መጨረሻ የሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ በተነሳው ሁከት፣ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሆቴሎች በሻሸመኔና በዝዋይ ነደዱ። ኃይሌ የአሰላ ልጅ ነው። በእግሩ ሮጦ ያመጣውን ገንዘብ ይዞ ወደ ሐይቆቹ የወረደ፣ በ2002 ዓ.ም. ሐዋሳ ላይ የመጀመሪያውን ሪዞርት ከፍቶ የአገሬውን ቤተሰብ እንደ ደንበኛ ከቆጠሩት ባለሀብቶች አንዱ ነው።

ማቃጠሉን «የሕዝብ ቁጣ» ብሎ ማለፍ ሐሰት ነው። የተቃጠለው የአካባቢው ልጆች የሚሠሩበት ቤት ነው፤ በሁለተኛው ሁከት ደግሞ ሰዎች በማንነታቸው ተለይተው ተገድለዋል። «የጥፋት ኃይሎች» ብሎ መዝጋትም ግማሹን ታሪክ ይሸፍናል። ለትውልድ ከብት ሲያጠጣ የኖረ ሰው አንድ ቀን ጥዋት ወደ ውሃው የሚወስደው መንገድ ሽቦ ተወጥሮበት፣ ዘበኛ ቆሞበት ሲያገኝ፣ ካሳ ተከፍሎም ቢሆን ያጣው ነገር አለ። መርከብ እንኳ፣ ጎረቤት የለውም የተባለው፣ ይህ ነገር ደርሶበታል። ቬኒስ ግዙፍ የመዝናኛ መርከቦች ከተማዋን ሰንጥቀው እንዳያልፉ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ታግደዋል፤ ነዋሪዎቿ ለዓመታት በጀልባ ወጥተው ተቃውመዋልና። ዲዝኒ ደግሞ ባሃማስ ውስጥ ደሴት በረጅም ጊዜ ሊዝ ይዞ ነገሩን ከነጭራሹ ገላገለ፦ ጎረቤት የሌለበት የባሕር ዳርቻ። ላንጋኖ ላይ ይህ አይቻልም። በዳርቻው ሰው አለ፣ ከብት አለ፣ መቃብር አለ፣ መስኖ የሚፈልግ ሽንኩርት አለ።

በዚህ ሁሉ መሃል ቤተሰቡ መውረዱን አላቆመም። የመንገዱ ሰላም ሲደፈርስ ይቀራል፣ ሲረጋጋ ይነሳል። አባዱላ ወይም ሚኒባስ በጋራ ይከራያል፣ ሁለት ሦስት ቤት ያዋጣል፣ እናቶች ሌሊት ተነስተው ዶሮውን በፌስታልና በሳህን ያሽጋሉ፣ አንዷ ጭኮ ይዛ ትመጣለች። በብዙ መዝናኛዎች በር ላይ «ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ስለዚህ መኪናው ከበሩ መለስ ብሎ የግራር ጥላ ሥር ይቆማል። እዚያው ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ምሳው ይበላል፣ የተረፈው በአቅራቢያው ከብት ለሚጠብቁት ልጆች ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ነው ቲኬት የሚቆረጠው።